በቴክኖሎጂ ግዙፎች ላይ የሚቀርብ የሞኖፖል ክስ ሲመዘን ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያው ስህተት ትልቅነትን እንደ ጥፋት መቁጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 የወጣው የአሜሪካ የሸርማን ሕግ ኩባንያን የሚቀጣው በተሻለ ምርት ገበያውን ስለያዘ ሳይሆን፣ የያዘውን የበላይነት ተፎካካሪን በሚያገል መንገድ ሲያስጠብቅ ነው።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት እጅግ አሳሳቹ «ያልተስማማው ሌላ ይምረጥ» የሚለው መከራከሪያ ነው። በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ አሚት ሜህታ ጎግል በፍለጋ ገበያ ሞኖፖሉን በሕገ ወጥ መንገድ አስጠብቋል ብለው በወሰኑበት ክስ እንደተገለጸው፣ ኩባንያው የፍለጋ አገልግሎቱ በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ አስቀድሞ ተመርጦ እንዲቀመጥ በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሏል። ሰው ቅንብሩን በቀላሉ የሚቀይር ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገንዘብ የሚከፍል ነጋዴ ባልተገኘ ነበር። ጉዳቱም በዚህ አያበቃም፤ የፍለጋ ሞተር የሚሻሻለው ሰዎች ከሚጠይቁትና ከሚመርጡት በመማር ስለሆነ፣ ጠያቂ ያጣ ተፎካካሪ የመሻሻያ መንገዱንም ያጣል።

«በነፃ የሚሰጥ ነገር ማንን ይጎዳል?» ማለትም ስህተት ነው። ከፋዩ አስተዋዋቂው ነው፤ ፍርድ ቤቱም ጎግል የጽሑፍ ማስታወቂያ ዋጋን የሚገታው ተፎካካሪ ሳይኖር መጨመር መቻሉን አረጋግጧል።

ደንበኛን የሚያስረው ውል ብቻ ነው ብሎ ማሰብም ያሳስታል። የአሜሪካ መንግሥት የዊንዶውስ ባለቤት በሆነው በማይክሮሶፍት ላይ ባቀረበው ክስ እንደታየው፣ ገዢዎች ዊንዶውስን የሚመርጡት ብዙ ፕሮግራም ስላለው ሲሆን፣ ፕሮግራም ሠሪዎችም ወደ ዊንዶውስ የሚሄዱት ገዢው እዚያ ስላለ ነበር። ኔትስኬፕ የተባለው ብራውዘር ማይክሮሶፍትን ያስፈራውም ፕሮግራሞች በየትኛውም ሲስተም ላይ እንዲሠሩ በማድረግ ይህን ዑደት ሊሰብር ይችል ስለነበር ነው። በመልእክት መላላኪያም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ ሰው ፎቶውንና ጽሑፉን ይዞ መውጣት ቢችልም ዘመዶቹንና ወዳጆቹን ይዞ መውጣት አይችልም። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ዋትስአፕን የመሰሉ አገልግሎቶች ጥያቄ ላቀረቡ ተፎካካሪዎች መልእክት የሚተላለፍበትን በር እንዲከፍቱ ያስገደደው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ቅጣት ተጣለ ማለት ገበያው ተከፈተ ማለት አይደለም። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2017 ከዕቃ ግዢ ፍለጋ ጋር በተያያዘ በጎግል ላይ የጣለው የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት በኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጸናው በ2024 ነበር፤ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ደንበኛ አጥቶ የተዘጋ ድርጅት ካለ ውሳኔው መልሶ አይከፍተውም።