አዲስ ሞተር ሳይክል ለገዛችሁ፦ የመጀመሪያውን ሰርቪስ አታሳልፉ

አዲስ ሞተር ሳይክል የገዛ ሰው ከሁሉ በላይ ሊያከብረው የሚገባው ቀጠሮ የመጀመሪያው ሰርቪስ ሲሆን፣ አብዛኞቹ አምራቾች ይህ ሰርቪስ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲደረግ ያዝዛሉ። የፒስተን ፋሻው (ፒስተኑን የሚከብበው የብረት ቀለበት) እና ማርሾቹ እስኪላመዱ ድረስ የሚፋቀው ደቃቅ ብረት ከሞተር ዘይቱ ጋር ስለሚዞር፣ ዘይቱ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም እንኳ መለወጥ አለበት። በዚያው ጊዜ የቫልቭ (የሞተሩ አየርና ነዳጅ ማስገቢያና ጭስ ማስወጫ በር) ክፍተት፣ የካቴና ውጥረትና የላሉ ብሎኖች ይታያሉ። ቀጣዮቹን የሰርቪስ ቀጠሮዎች የሞተር ሳይክሉ መመሪያ መጽሐፍ በኪሎ ሜትርና በወር ሲያስቀምጥ፣ ቀድሞ የደረሰውን ተከተሉ። አቧራ በበዛበት ኮረኮንች መንገድ የምትነዱ ከሆነ ግን የአየር ማጣሪያውን ከተጻፈው ጊዜ ቀድማችሁ እንድታጸዱ፣ ካቴናውንም በዝናብ ከነዳችሁ በኋላ አድርቃችሁ ዘይት እንድትቀቡት አጥብቄ እመክራለሁ። እኔ ዘይት የለወጥኩበትን ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፌ ከመቀመጫው ሥር አስቀምጣለሁ።