ታብሌት ወይስ ላፕቶፕ? ገንዘቡን ከማውጣታችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከአጋሮ መጥታ ሱቄ ገባች። ዝናቡ ገና አላባራም፤ ነጠላዋ እላይዋ ላይ ረጥቧል። ሳትቀመጥ ስልኳን አውጥታ አንድ ታብሌት አሳየችኝ። ቀጭን ነው፣ ያምራል፣ ብዕርም አለው። «አክስቴ፣ ለዩኒቨርሲቲ ይሄ ይበቃኛል አይደል?» አለችኝ። አጎቷ የላከላት ገንዘብ ለአንድ ዕቃ ብቻ የሚሆን ነው። ሁለቱንም መግዛት አይታሰብም።

እኔ እዚህ ጅማ፣ ከዩኒቨርሲቲው ወረድ ብሎ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ከፍቼ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ፕሮፖዛል እተይባለሁ፣ ጥናታዊ ጽሑፍ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። ታብሌት የያዘም ላፕቶፕ የያዘም በዚህ በር ይገባል። ማን ምን እንደሚቸግረው ከጠረጴዛዬ ሆኜ አያለሁ። ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን እዚህ ልጻፈው፤ በየሳምንቱ ይህንኑ የሚጠይቀኝ ሰው አላጣምና።

መጀመሪያ ሱቅ አትሂዱ። ደብተር አውጡና ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በአንዱ በኩል «ያነበብኩት፣ ያየሁት»፣ በሌላው በኩል «ሠርቼ ያስረከብኩት» ብላችሁ ጻፉ። ለአንድ ሳምንት በስልክም ሆነ በሰው ኮምፒውተር የሠራችሁትን ሁሉ መዝግቡ። ፒዲኤፍ ካነበባችሁ ወደ አንዱ፣ ለመምህር ወይም ለአለቃ የሚሰጥ ሪፖርት ከጻፋችሁ ወደ ሌላው። ገና ዩኒቨርሲቲ የምትገቡ ከሆነ በዚያው ትምህርት ክፍል ያለ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልጉና የእሱን ሳምንት ጠይቁት። ዕቃው መመረጥ ያለበት በምታስረክቡት ሥራ ነው። ለማንበብማ ስልክም ይሆናል።

የእህቴ ልጅ ነርሲንግ ነው የምትማረው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ጠየቀች። ማታ ደውላ የነገረችኝ ዝርዝር ውስጥ ኬዝ ሪፖርት፣ የቡድን ሥራ፣ ፓወር ፖይንት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የመመረቂያ ጥናት ነበረ። ያኔ ነው ልቤ ወደ ላፕቶፕ ያዘነበለው።

ለምን እንደሆነ በአንድ ቀን ታሪክ ላስረዳ። አንዲት ተማሪ ጥናቷን ታብሌት ላይ ጨርሳ ልታሳትም መጣች። በማግስቱ ነበር የምታስረክበው። የመጀመሪያውን ክፍል በእኔ ኮምፒውተር በኒያላ ፎንት ተይቤላት ነበር፤ 47 ገጽ ነው። እሷ ታብሌት ላይ ከፍታ አስተካከለች፣ ሰንጠረዥ ጨመረች። ታብሌቱ ኒያላ የለውም። በራሱ የአማርኛ ፎንት ተክቶ ነው የሚያሳየው፤ የፊደሉ ስፋትና ቁመት ይለያል። ስለዚህ ታብሌቱ ላይ ገጹ ሁሉ ተገፋፋ። እሷ ደግሞ የተገፋውን ለመመለስ ኢንተር እየመታች፣ ስፔስ እየጨመረች ሌሊቱን ሙሉ አስተካከለች። እኔ ጋ ስንከፍተው ኒያላ ተመለሰ፣ የጨመረችው ባዶ መስመር ግን እዚያው ቀረ። ርዕስ ብቻውን ገጽ ግርጌ ቀርቷል፣ ሰንጠረዡ ለሁለት ተቆርጧል፣ ማውጫው ላይ ያለው ቁጥር ከገጹ ጋር አይገጥምም። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት አብረን ቁጭ ብለን አስተካከልነው። ልጅቷ አለቀሰች። ሰነፍ ሆና አይደለም። መሣሪያው ለዚያ ሥራ አልነበረም፤ ቀድሞ የነገራት ሰው ደግሞ አልነበረም።

ከዚህ የባሰው የድሮ ፎንት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤት ዛሬም በቪዥዋል ግዕዝና በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤና ቅጽ አለ። እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ የሌለበት ዕቃ ላይ ሲከፈት አማርኛው ይጠፋና ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ይደረደራል። ላፕቶፕ ላይ ፎንቱን መጫን የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ታብሌት ላይ ብዙ ያደክማል። ከእንግዲህ የምትጽፉትን ሁሉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለአማርኛው ፊደል የራሱን ቦታ በሰጠው ሥርዓት ጻፉ፤ የትም ይከፈታል።

ሌላው የፕሮግራም ጉዳይ ነው። የጥናት መረጃ የሚተነተንባቸው ኤስፒኤስኤስና ስታታ የሚሠሩት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የአንድሮይድም የአይፓድም ታብሌት ላይ አይጫኑም። ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ልጆች፣ ኦቶካድ ለታብሌት አለ ቢሏችሁ ያ ሥዕል ለማየትና ቀላል ነገር ለማስተካከል የሚሆን ነው፤ ሙሉው ላፕቶፕ ይፈልጋል። የማይክሮሶፍት ወርድና ኤክሴልም ታብሌት ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ወሰን አላቸው። ስክሪኑ እስከ 10.1 ኢንች ከሆነ በነፃ መጻፍና ማስተካከል ይቻላል። ከዚያ ከበለጠ ግን ለማስተካከል የደንበኝነት ክፍያ ይጠይቃል። ሳምሰንግ ታብ ኤ9 8.7 ኢንች ስለሆነ ያልፋል፤ ታላቁ ኤ9 ፕላስ 11 ኢንች ስለሆነ አያልፍም። ሰው ሰፋ ያለ ስክሪን ይሻላል ብሎ ይገዛና ቤቱ ሲደርስ ይደነግጣል። ጉግል ዶክስ በነፃ ይሠራል፣ ለቀላል ጽሑፍም ይበቃል።

ኪቦርድ እገዛለሁ ለምትሉ፣ እኔም ገዝቼ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆምብኝ ብዬ ታብሌትና የብሉቱዝ ኪቦርድ አንድ ላይ ገዛሁ። እንግሊዝኛው እንደ ውኃ ወረደ። ወደ አማርኛ ስቀይር ግን ኪቦርዱ እንግሊዝኛውን ብቻ ነው የሚጽፍልኝ፤ አማርኛውን በጣቴ ስክሪኑ ላይ መንካት ነበረብኝ። አንድ ገጽ ደብዳቤ በጣት ሲጻፍ አንገት ያማል። ስለዚህ ኪቦርድ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ከታብሌቱ ጋር አገናኙና «ሰላም» ብላችሁ ጻፉበት። እንቢ ካለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ አስቀሩ።

ታብሌት አይረባም እያልኩ ግን አይደለም። ላፕቶፕ በፍጹም የማይተካው ሥራ አለ። ለጥናት መረጃ የሚሰበስቡ ደንበኞች አሉኝ። ማናና ሰቃ ጨቆርሳ ድረስ ወርደው ቤት ለቤት ይጠይቃሉ። ኮቦ ኮሌክት ወይም ኦዲኬ የሚባለውን የመጠይቅ መተግበሪያ ጭነው ቆመው ይሞላሉ። ኔትወርክ በሌለበት ይመዘገባል፣ ቦታውን በጂፒኤስ ይይዛል፣ ከተማ ሲመለሱ ይላካል። ላፕቶፕ ይዞ ደጃፍ ላይ ቆሞ ማን ይጽፋል? ለእነዚህ ሰዎች ታብሌት ማለት የሥራ ዕቃ ነው። አንድ ምክር ብቻ አለኝ፦ የጅማ ዝናብ። ስክሪን ላይ ጠብታ ሲያርፍ ጣት የነካው ይመስለዋል፤ ያልመረጣችሁትን መልስ ይመርጣል። እርጥብ ጣትን ደግሞ በደንብ አይለይም። ትንሽ ደረቅ ፎጣ ኪስ ውስጥ ያዙ፣ ከመላካችሁ በፊት መልሱን መልሳችሁ እዩ።

ጎረቤቴ ሐጂም አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ልጃቸው ታብሌት ገዛላቸውና ቁርኣኑን ፊደሉን አጉልተው ያነባሉ፤ ከመግሪብ በኋላ ከሩቅ አገር ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ለእሳቸው ላፕቶፕ መግዛት ሸክም መግዛት ነበር። በወፍራም መጽሐፍ የሚማር፣ ፒዲኤፍ ላይ በብዕር እያሰመረ የሚያጠና፣ ቤቱ ወይም ቢሮው ኮምፒውተር ያለው ሰውም ታብሌት ቢገዛ ደስ ይለኛል።

መብራትን በተመለከተ ታብሌት ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጥሩ ታብሌት አንዴ ከሞላ ቀኑን ሙሉ ያስነብባል። ሲያልቅ ደግሞ ከስልክ ፓወር ባንክ ይሞላል። ዩዝድ ላፕቶፕ ባትሪው አርጅቶ አንድ ሰዓት ብቻ ሊቆይ ይችላል፤ ብዙዎቹም ወደ 19 ቮልት ስለሚፈልጉ ተራ ፓወር ባንክ አያንቀሳቅሳቸውም። መብራት ቶሎ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ በታይፕ ሲ የሚሞላ ላፕቶፕ ፈልጉ። 45 ወይም 65 ዋት የሚሰጥ ፓወር ባንክ ይሞላዋል።

ዋጋ ስታወዳድሩ የካርቶኑን ዋጋ ብቻ አትዩ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ የዚህ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ፣ የሁለቱንም ዋጋ በአንድ ቀን ጠይቁ። ለታብሌቱ ኪቦርዱን፣ ብዕሩን፣ ሽፋኑን፣ የስክሪን መከላከያውን ደምሩ። ለላፕቶፑ ማውሱንና ቦርሳውን ደምሩ። እኔና የእህቴ ልጅ ሂርማታ ገበያ ሄደን በወረቀት ስንደምር፣ ከነዕቃዎቹ ታብሌቱ ከጥሩ ዩዝድ ላፕቶፕ በለጠ። ስለ ጥገናም አስቡ። ላፕቶፕ ሲከፈት በብሎን ነው፤ ራምና ሃርድ ዲስክ የሚቀየርባቸው ብዙ ናቸው። ታብሌት በሙጫ የታሸገ ነው። ስክሪኑ ሲሰበር የጥገናው ዋጋ የዕቃውን ግማሽ ያህል ሲሆን አይቻለሁ።

ዩዝድ ላፕቶፕ ከወሰናችሁ ቀን በብርሃን ሂዱ። የራሳችሁን ፍላሽ ያዙ። ኤችፒ ኤሊትቡክ፣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ለቢሮ የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካሮች ናቸው፤ እኔ ከእነሱ ውጭ ብዙም አልመክርም። ፕሮሰሰሩን ስታዩ «አይ 5» የሚለው አይበቃም፤ ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 8250 ካለ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ 10210 ካለ አሥረኛ ነው። ኢንቴል ከሆነ ከስምንተኛ በታች አትግዙ፤ ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከዚያ ወዲህ ያሉትን ነው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ራም 8 ጊጋ፣ ማከማቻው ደግሞ ኤስኤስዲ ሆኖ 256 ጊጋ ይሁን። በኤስኤስዲ ፈንታ የድሮው ሃርድ ዲስክ ካለው ሲከፈት ቡና ተፈልቶ ይደርሳል።

ከዚያ ፈትኑት። ወርድ ክፈቱና እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ምቱ። ፍላሹን በሁሉም ቀዳዳ ሰኩ። ስክሪኑን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፤ ማጠፊያው ከተንቋቋ ወይም ከላላ ተዉት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ግማሽ ሰዓት አሠሩት። ሻጩ የባትሪ ሪፖርት እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረው አቅምና አሁን የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይጻፋል። 50 ሺህ የነበረው 30 ሺህ ከሆነ ባትሪው 60 በመቶ ቀርቷል ማለት ነው፤ በዚያ ተከራከሩና ዋጋ አስቀንሱ።

ታብሌት ከወሰናችሁ ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ታብሌት «12 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ» ተብሎ ሲሸጥ ሴቲንጉ ላይ ያለውን ቁጥር አትመኑ፤ ሐሰት ሊጻፍበት ይችላል። ብዙ ትላልቅ ቪዲዮ ገልብጡበትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱ። «4+4» ሲባልም ሁለተኛው 4 ከማከማቻው የተበደረ ነው፤ እውነተኛው ራም 4 ነው። ዩዝድ ከሆነ ደግሞ ሻጩ ፊታችሁ ፋክተሪ ሪሴት ያድርገው፤ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ እንደ አዲስ ያስጀምረው ማለት ነው። ተነስቶ የቀድሞውን ባለቤት የጉግል ወይም የአይክላውድ አካውንት ከጠየቀ አትክፈሉ። በሁለቱም ዕቃ ቢሆን የሴሪያል ቁጥሩ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ።

የእህቴ ልጅ በመጨረሻ ላፕቶፕ ገዛች። ብዕሩ አሳዝኗት ነበር፤ እውነቷን ነው፣ ቆንጆ ነበር። ግን የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ስለሚሰጥ፣ ማውስና ኪቦርድ እጇን እስኪለምዱ አራት ዓመት አላት ብዬ አጽናናኋት። አሁን የቡድናቸውን ሥራ እሷ ናት የምትጽፈው። ትናንት የመጀመሪያ ኬዝ ሪፖርቷን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ አተምኩላት። ገጹ አንድም አልተገፋም። ላፕቶፑን ቦርሳ ውስጥ ሳታስገባ በፊት በወፍራም ፌስታል ትጠቀልለዋለች። ባጃጅ ላይ ዝናብ ከጎን ይገባል።