ዶሮ ማስታቀፍን ለልጅ እንዴት እንስጥ?

ጎጃም ገጠር ውስጥ ልጅ ከዶሮ ጋር ያለው ሥራ ብዙ ጊዜ ስጥ መጠበቅ ነው። «እሽ!» ብሎ ማባረር፣ አለቀ። እኔ ማስታቀፉን ለእሱ ስጡት ባይ ነኝ። መቁጠርን፣ መመዝገብንና እጅ መሰብሰብን በ21 ቀን የሚያስተምር ሌላ የቤት ሥራ አላውቅም።

መጀመሪያ እንቁላሉን ራሱ ይምረጥ። ከሳምንት ያልበለጠ፣ ያልተሰነጠቀ፣ አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ ይሁን። (አውራው ለምን አስፈለገ ማለቱ አይቀርም፤ እውነቱን ንገሩት።) የቆሸሸውን አጥቦ አያስታቅፍ፣ ይተወው፤ ውሃ የቅርፊቱን ስስ መከላከያ ያነሳዋል። ለአንዲት የአበሻ ዶሮ 10 ወይም 12 እንቁላል ይበቃታል። እያንዳንዱ ላይ የታቀፈበትን ቀን በእርሳስ ይጻፍ፤ ሌላ ዶሮ መጥታ ብትጥልበት አዲሱ ወዲያው ይለያል።

ከዚያ ጨለም ያለ ጥግ ላይ፣ ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት፣ ማታ ላይ ያስቀምጣት። ጥሬና ውሃ አጠገቧ ይሁን። በቀን አንዴ ተነስታ በልታ፣ ጠጥታ፣ አፈር ተንከባላ ትመለሳለች፤ የልጁ ሥራ መመለሷን ማየት ብቻ ነው።

በ7ኛው ቀን ማታ ደስ የሚለው ክፍል ይመጣል። መብራት አጥፉና እንቁላሉን የስልክ ባትሪ ላይ ያስጠጋው። ሕይወት ያለው ከሆነ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ስሮች ይታያሉ፣ መሃላቸው ጥቁር ነጥብ አለች፤ ባዶው ግን ወለል ብሎ ያበራል። ባዶዎቹን ያውጣ፣ ስንት እንደቀሩ ደብተሩ ላይ ይጻፍ፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ።

በ21ኛው ቀን አካባቢ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ «ልርዳው» ይላል። አይሆንም! ጫጩቷ ራሷ ትውጣ፤ ቀድሞ የተላጠች ልትደማ ትችላለች። ወዲያው ስላልበላችም አይጨነቅ፣ ሆዷ ውስጥ የገባው አስኳል ለአንድ ሁለት ቀን ያቆያታል። ከዚያ የተሸረከተ በቆሎ ወይም ዳጉሳ ይስጣት፤ ውሃው ዝርግ ሳህን ላይ ጠጠር ተደርጎበት ይሁን፣ ያለበለዚያ ትሰምጣለች። ቀን ጭልፊት፣ ማታ ሸለምጥማጥ መኖሩን መቼም ጎጃሜ ልጅ አይነገረውም።

ፈንግል የሚባለውን የዶሮ በሽታ ግን ጥበቃ አይመልሰውም፤ የሚመልሰው ክትባት ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ልጁ ጎረቤት ለጎረቤት ዞሮ የማን ቤት ስንት ዶሮ እንዳለ ቆጥሮ ይምጣና ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አብራችሁ ንገሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ያሳደገውን አውራ ለፋሲካ ከማረዳችሁ በፊት ጠይቁት። ከሸጣችሁትም ገንዘቡ የእሱ ነው።