ለጀማሪ የትኛው ሊኑክስ? ላፕቶፑን፣ ዳታውንና ሥራውን አይቶ መምረጥ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ ባብዛኛው 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ያገለገለ ኮር አይ 3 ወይም አይ 5 ይዞ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ፣ ለገባ ተማሪ ይህ ማለት ማሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ሲስተሙ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። በዊንዶውስ ቦታ የሚጫነው ሲስተም፣ ሊኑክስ፣ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ዓይነቱ ግን ብዙ ነው፤ ጀማሪን የሚያስቸግረው ግን መጫኑ ሳይሆን ምርጫው ነው፤ ብዙ ሰው ስክሪን ላይ ያማረውን አይቶ ይመርጣል፣ በሳምንቱ ወደ ዊንዶውስ ይመለሳል። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ማሽኑ፣ ኢንተርኔቱ፣ እና ሊተዉት የማይችሉት ፕሮግራም።

ከማሽኑ ይጀምሩ። ዊንዶውስ ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ሲከፍቱ ስለ 32 ቢት ወይም 64 ቢት የሚናገር አንድ መስመር አለ። መስመሩ ሁለት ክፍል ነው፤ የመጀመሪያው ስለ ዊንዶውሱ፣ ሁለተኛው ስለ ፕሮሰሰሩ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ «የኔ 32 ነው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ፕሮሰሰሩ «ኤክስ64» ከተባለ፣ 32 ቢት ዊንዶውስ የተጫነበት ቢሆንም፣ ዛሬ የሚወጡት ሊኑክሶች ይሠሩበታል። ፕሮሰሰሩ ራሱ 32 ቢት ከሆነ ግን ኡቡንቱና ሚንት የሚባሉትን የታወቁ የሊኑክስ ዓይነቶች ይተዋቸው፤ አንቲኤክስ የሚባለውን ይሞክሩ፣ ከጽሕፈትና ከቀላል ሥራ በላይ ግን አይጠብቁበት።

ቀጥሎ ራም ነው። 4 ጊጋባይት ላለው ላፕቶፕ ያለ ብዙ ክርክር ሊኑክስ ሚንት፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ዓይነቱ። 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካለው ሚንት ሲናመን። ሁለቱም አንድ ሲስተም ናቸው፤ የሚለያዩት በገጽታቸውና በሚበሉት ራም ነው። ታች ግራ ጥግ ላይ ሜኑ አለ፣ ሰዓቱ ታች ቀኝ ነው፣ ዊንዶውስ 7 የለመደ እጅ አይደናገርም። ሚንት 22 እ.ኤ.አ. እስከ 2029 ማሻሻያ ያገኛል። 2 ጊጋባይት ብቻ ካለ ቀለል ያለው የኡቡንቱ ዓይነት፣ ሉቡንቱ፣ ይከፈታል፣ ግን ብራውዘር ላይ 5 ታብ ሲከፍቱ መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ጥፋቱ የሲስተሙ አይደለም፣ ዛሬ ራም የሚጨርሱት ድረ ገጾቹ ናቸው። ለሲስተም ምርጫ ከመጨነቅ አስቀድሞ የድሮውን የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አውጥቶ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ማስገባት ከየትኛውም ሊኑክስ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ኡቡንቱስ? ጥሩ ሲስተም ነው፣ መመሪያም በብዛት የሚገኘው ለእሱ ነው። ነገር ግን የ24.04 እትሙ መጫኛ ፋይል ወደ 6 ጊጋባይት ይጠጋል፣ የሚንት 3 ገደማ ነው። በሞባይል ጥቅል ለሚያወርድ ሰው ልዩነቱ የገንዘብ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ኡቡንቱ 24.04 ሲጫን ዝም ካሉት የሚመርጠው አነስተኛውን ዝርዝር ነው፤ ብራውዘርና ጥቂት መሣሪያ ብቻ። ሊብሬ ኦፊስ አብሮ እንዲገባ «ኤክስቴንድድ» የሚለውን ምልክት ማድረግ አለብዎት። ይህን ያላየ ሰው ጣና ሐይቅ ላይ ደቅ ደሴት ወይም ዘጌ ደርሶ ሰነድ ሊከፍት ሲል መክፈቻ አያገኝም። ሚንት ላይ ሊብሬ ኦፊስ ከመጀመሪያው አብሮ ይመጣል፤ ኢንተርኔት እንደልብ በማይገኝበት ቦታ ይህ ብቻውን ሚዛን ይደፋል።

ዞሪን የሚባለው ሊኑክስ ዊንዶውስን በመምሰል ይበልጣል፣ ነፃው ኮር የሚባለው ለጀማሪ ይበቃል፤ ፕሮ የሚባለውን መግዛት አያስፈልግም። ፌዶራ የሚባለውም የተጣራ ሥራ ነው፣ ግን እያንዳንዱ እትም የሚደገፈው 13 ወር ያህል ብቻ ስለሆነ በየዓመቱ ትልቅ ማሻሻያ ማውረድ ይጠይቃል። ለደህንነት ፍተሻ ባለሙያዎች የተሠራውን ካሊ ሊኑክስ «ሀከር ለመሆን» ብሎ የመጀመሪያ ሲስተሙ የሚያደርግ ተማሪ አይጠፋም። ሠሪዎቹ ራሳቸው ሊኑክስ ለማያውቅ ሰው አይሆንም ይላሉ።

ለማውረድ በብራውዘር ከመጎተት ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ የሚያመጣው ቶረንት ይመረጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቆረጥ ቶረንት ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተበላሸውንም ቁራጭ ለይቶ እንደገና ያመጣል። በብራውዘር 2.9 ጊጋባይት ላይ የተቋረጠ ፋይል አንዳንዴ ሙሉ መስሎ ይቀመጥና መጫኑ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ስህተት ይሰጣል። ከጓደኛ በፍላሽ የተቀዳ ፋይል ከሆነም ፋይሉ እንዳልተበላሸ ለማወቅ በድረ ገጹ ላይ ከተጻፈው ሻ256 ከሚባለው መለያ ቁጥር ጋር ያመሳክሩት። ወደ ፍላሽ ለመጻፍ 8 ጊጋባይት ፍላሽና ዊንዶውስ ላይ ሩፈስ የሚባለው ትንሽ ፕሮግራም በቂ ናቸው። ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉን እንደ ፊልም ኮፒ ፔስት ማድረግ ግን አይሠራም፤ ማሽኑ ፍላሹን እንደ ማስነሻ አያውቀውም። ሁለት ሦስት ሲስተም ለማወዳደር የፈለገ ሰው ቬንቶይ የሚባለውን ፕሮግራም ይጠቀም፤ ቬንቶይ ፍላሹ ላይ አንዴ ከተጫነ ፋይሎቹን ዝም ብሎ ኮፒ ማድረግ የሚቻለው በእሱ ነው።

ከዚያ ሳይጭኑ ይሞክሩ። ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሱት ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9 ደጋግመው ይጫኑ፣ ከሚመጣው ዝርዝር ፍላሹን ይምረጡ። ኤሰር ላይ ኤፍ 12 ዝም ካለዎት መጀመሪያ በኤፍ 2 ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ማስተካከያ) ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ሲስተሙ ከፍላሹ ላይ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስኩን አይነካም። እዚህ ላይ ግማሽ ሰዓት ይስጡት፦ ዋይፋይ ይይዛል? ድምፅ አለ? የስክሪን ብርሃን ይቀንሳል? ክዳኑን ዘግተው ሲከፍቱት ይነቃል? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ክዳን ለሚዘጋ ሰው ግን የማይነቃ ላፕቶፕ ያልተቀመጠ ሥራ ያስጠፋል። የድሮ ኤችፒና ዴል ላይ ብሮድኮም ዋይፋይ ካለ መጀመሪያ ላይቀበል ይችላል። ስልክዎን በቻርጀር ገመድ አያይዘው ዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋራት) ያብሩ፣ በዚያ ኢንተርኔት ገብቶ ድራይቨር ማኔጀር የጎደለውን ያወርዳል።

አሁን ሥራዎን ያስቡ። ሒሳብ በፒችትሪ ለሚሠራ ሰው ሊኑክስን ብቻ መጫን አይመከርም፤ ፕሮግራሙ ለሊኑክስ አልተሠራም። አውቶካድና አርክ ጂአይኤስም እንዲሁ፤ ለካርታ ኪውጂአይኤስ ካበቃዎት ግን እሱ ሊኑክስ ላይ ደህና ይሠራል። ከእነዚህ አንዱ የግድ ከሆነ ዊንዶውሱን ሳያጠፉ ጎን ለጎን ይጫኑ።

አማርኛ መጻፍ ብዙውን ሰው የሚያስመልሰው ጉዳይ ነው፣ መፍትሔው ግን አጭር ነው። በሶፍትዌር ማኔጀር አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ጭነው ከአካውንትዎ ወጥተው ይግቡ፤ ካልወጡ ዝርዝሩ ውስጥ አይታይም። ኡቡንቱ ላይ በኪቦርድ ሴቲንግ፣ ሚንት ላይ ኢንፑት ሜተድን አይባስ አድርገው በአይባስ ማስተካከያ «አማርኛ፣ ሴራ» የሚለውን፣ ማለትም በእንግሊዝኛ ፊደል እየተጻፈ አማርኛ የሚያወጣውን፣ ይጨምሩ። ሴራ የሚል ቃል የሌለበት «አማርኛ» ብቻ የሚል ሌላ አማራጭም አለ፤ እሱ ፊደላቱን በሌላ አሰላለፍ የሚደረድር ነው፣ ሰው እሱን መርጦ ነው «አይሠራም» የሚለው። በሴራ ትንሿ ቲ ታን፣ ትልቋ ቲ ጣን ትሰጣለች፦ ትልቅ ቲ፣ ኤ፣ ኤን፣ ኤ ሲጽፉ «ጣና» ይሆናል፤ ትልቋን ከረሱ «ታና» ይወጣል። «ባሕር» ለመጻፍ ኤችዋ ትልቅ መሆን አለባት። ሸ የምትገኘው በኤክስ ነው፤ ኤስና ኤች አከታትሎ የለመደ ጣት ለሁለት ቀን ይሳሳታል።

ፓወር ግዕዝ በሚባለው የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ሰነድ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊታይ ይችላል። ጽሑፉ ተነቦ ቅርጹና ገጹ ከተዛባ ዛሬ ሁሉም ማሽን በሚያውቀው የፊደል አቀማመጥ፣ በዩኒኮድ፣ የተጻፈ ነው፣ የጎደለው ፎንቱ ብቻ ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ በሚባለው ፎንት ይቀይሩት። የላቲን ፊደልና ምልክት ተዘበራርቆ ከመጣ ግን ከዩኒኮድ በፊት በነበረው ዓይነት የተጻፈ ነው፤ ፎንት መቀየር ብቻ ዩኒኮድ አያደርገውም፣ መለወጫ ያስፈልገዋል። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚሰጡትን ሰነድ በፒዲኤፍ አድርገው ይውሰዱ፣ ከዚህ ሁሉ ይድናሉ። ፍላሹ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ፎልደርን ሁሉ ሾርትካት የሚያደርገውን ቫይረስ ይዞ ቢመለስም ሊኑክስ ላይ አይነሳም፤ የተደበቀውን ፎልደር አግኝቶ ፋይሉን ማውጣት ይቻላል።

መጫኑ ላይ አንድ አደጋ አለ። ከዊንዶውሱ ጎን ሲጭኑ ጫኚው የዊንዶውሱን ክፍል ቆርጦ ያሳጥራል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ በዚያ ደቂቃ መብራት ከሄደ የዊንዶውሱም ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሰነድዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ፣ ባትሪው ቢያንስ አንድ ሰዓት የሚይዝ ይሁን፣ ካልያዘ ጄኔሬተር ወይም ዩፒኤስ ያለበት ቦታ ይጫኑ። ከዚያ በፊት ዊንዶውስ ውስጥ ፋስት ስታርታፕን ያጥፉ፤ ካልጠፋ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ስለሚተኛ ሊኑክስ የዲ ድራይቭ ፋይሎችዎን ያነባል እንጂ አይጽፍባቸውም። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር በርቶ ከሆነም ይፍቱት። ጫኚው ሃርድ ዲስኩን ጨርሶ ካላየው ባዮስ ውስጥ የዲስኩ ሁኔታ «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ኤኤችሲአይ ይቀየራል፣ ነገር ግን ዊንዶውሱን ሳያዘጋጁ ከቀየሩት እሱ አይነሳም። ሊኑክሱ ተጭኖ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ሚንት ላይ ታይምሺፍትን ከፍተው የመጀመሪያውን ቅጂ ያስቀምጡ፤ የሲስተሙን ፋይል ይይዛል፣ የእርስዎን ሰነድ ግን ዝም ካሉት አይነካም።

ሁለቱን ሲስተም ጎን ለጎን የጫነ ሰው በማግስቱ የዊንዶውሱ ሰዓት 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። ሊኑክስ በማዘርቦርዱ ላይ የግሪንዊች ሰዓት ይጽፋል፣ ዊንዶውስ ያንኑ የአገር ሰዓት መስሎት ያነበዋል፣ እኛ ደግሞ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን። በሊኑክሱ ተርሚናል ታይምዴትሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ሴት-ሎካል-አርቲሲን 1 ማድረግ ይበቃል። የታየው ክፍተት 6 ሰዓት ከሆነ ግን ላፕቶፑ ምንም አልሆነም፤ በሐበሻ ሰዓት እያነበቡት ነው።