ዳይናሞው ሳይቃጠል፦ የፋብሪካ ሞተሮችን የመብራት ወጪ እንዴት እንቀንሳለን?

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው። የዱቄት ፋብሪካው ትልቁ ዳይናሞ ተቃጥሏል። የቫርኒሽ ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል። ስንዴ የጫኑ መኪኖች ግቢው ውስጥ ተሰልፈዋል። ባለቤቱ በስልክ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መቼ ይነሳል?» ጠዋት ዳይናሞው በፒካፕ ተጭኖ፣ የተቃጠለው ሽቦ ወጥቶ አዲስ ወደሚጠቀለልበት ጥቅለላ ቤት ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይገጠማል። ሁሉም እፎይ ይላል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ለዓመታት ያለ አግባብ መብራት ሲበላ ማንም ልብ አይለውም።

እንዲህ ያለ ሌሊት ብዙ አይቻለሁ። ስለዚህ አጥብቄ የምለው አንድ ነገር አለኝ። ሞተር ይጠቅለል ወይስ ይቀየር የሚለው ጉዳይ ሞተሩ በተቃጠለበት ሌሊት መወሰን የለበትም። በሰላሙ ቀን፣ ረጋ ተብሎ መወሰን አለበት።

እስቲ በቁጥር እንየው። 22 ኪሎዋት፣ ማለትም 30 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሆነ ሞተር እንውሰድ። በዓመት 6,000 ሰዓት ይሠራል፤ ጭነቱም የአቅሙ ሦስት አራተኛ ነው እንበል። ይህ ሞተር በዓመት ወደ 110,000 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህን ቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት፤ ከዚያ በ15 ዓመት አባዙት። የሞተሩ የግዢ ዋጋ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ ትንሽ ሆኖ ይታያችኋል።

«መብራት እኮ እኛ አገር ርካሽ ነው» የሚሉኝ አሉ። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው። ሌላም ነገር አለ። አዲስ ማሽን ለመጨመር ትራንስፎርመር ስትጠብቁ የከረማችሁ ሰዎች፣ ከነባሮቹ ሞተሮች የምታድኑት እያንዳንዱ ኪሎዋት ደጅ ሳትጠኑ ያገኛችሁት ኃይል ነው።

1. መጀመሪያ ሞተሮቻችሁን ቁጠሩ

ደብተር ወይም ኤክሴል ይበቃል። ጨርቅ ያዙ፣ ባትሪ መብራት ያዙ፣ አዳራሹን ዙሩ። የሞተሩን ታርጋ ጥረጉና አንብቡ። ብዙ ጊዜ ታርጋው ላይ ቀለም ተቀብቶበት ታገኙታላችሁ። ቀስ ብላችሁ ፍቁት፤ ቁጥሩ ከስር አለ።

የምትጽፉት ኪሎዋቱን፣ አምፔሩን፣ ቮልቱንና በደቂቃ የሚዞረውን ዙር ነው። «አይኢ» (IE) የሚል ጽሑፍ ከቁጥር ጋር ካለ እሱንም ጻፉ። ይህ አይኢሲ የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን የሚጠቀምበት የቆጣቢነት ደረጃ ነው። አይኢ1 ዝቅተኛው ነው፤ አይኢ2፣ አይኢ3፣ አይኢ4 እያለ ይወጣል። ታርጋው ላይ ምንም ከሌለ ሞተሩ የቆየ ሊሆን ይችላል።

ታርጋ የማይነግራችሁን ደግሞ ሰው ይነግራችኋል። በየፋብሪካው አንድ አንጋፋ መካኒክ አይጠፋም። «ጋሼ፣ ይቺ ስንት ጊዜ ተጠቅልላለች?» ብላችሁ ጠይቁት። «ሦስቴ። አንዴ ውሃ ገብቶባት፣ ሁለቴ በአንድ ፌዝ ሠርታ» ይላችኋል (ፌዝ ማለት ሞተሩ መብራት ከሚቀበልባቸው ሦስት መስመሮች አንዱ ነው)። ይህ መረጃ የትም አልተጻፈም። እሱ ጡረታ ሳይወጣ ጻፉት።

ለእያንዳንዱ ሞተር ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን ገላው ላይ በደማቅ ቀለም ጻፉበት። በቀን ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራም መዝግቡ።

2. ትልልቆቹን ለዩ

ኪሎዋቱን በዓመቱ የሥራ ሰዓት አባዙና ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። መቶ ሞተር ባለበት ቤት አብዛኛውን መብራት የሚበሉት ጥቂቶቹ መሆናቸው ወዲያው ይታያችኋል። ሥራችሁን ከእነሱ ጀምሩ። በሳምንት አንዴ የሚነሳ የውሃ ፓምፕ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

3. ምን ያህል ጭነት እንደተሸከሙ ለኩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካውን ክላምፕ ሜትር ያነሳና አምፔሩ ታርጋው ላይ ካለው ግማሽ ሲሆን «ጭነቱ ግማሽ ነው» ይላል። አይደለም። ሞተር ባዶውን ሲዞርም መግነጢሱን ለመፍጠር አምፔር ይስባል። ስለዚህ በዝቅተኛ ጭነት አምፔር ያታልላል።

ከዚያ የተሻለ ርካሽ ዘዴ አለ። ታኮሜትር የሚባለውን የዙር መለኪያ ተጠቀሙ። ባለ አራት ፖል፣ ማለትም አራት የመግነጢስ ዋልታ ያለው ሞተር በ50 ኸርዝ መብራት ላይ የመግነጢሱ ዙር በደቂቃ 1,500 ነው። ታርጋው 1,450 ካለ፣ ሙሉ ጭነት ላይ 50 ዙር ወደኋላ ይቀራል ማለት ነው። ለክታችሁ 1,475 ካገኛችሁ ወደኋላ የቀረው 25 ብቻ ነው፤ ጭነቱ ግማሽ ገደማ ነው። የታርጋው ቁጥር ራሱ የተጠጋጋ ስለሆነ ውጤቱ ግምት ነው፤ ግን ለመነሻ ይበቃል። በጀት ካላችሁ ኪሎዋትን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ተከራዩ ወይም ግዙ። ፓኔል የሚከፍተው ደግሞ ሁልጊዜ ኤሌክትሪሽያን ይሁን።

ጭነቱ ከ40 በመቶ በታች የሆነ ሞተር ካገኛችሁ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጉበት። «ለማንኛውም» ተብሎ ተለቅ ያለ ሞተር መግጠም እኛ ዘንድ የተለመደ ነው። በሚቀየርበት ቀን በልኩ ይተካ።

4. በከንቱ የሚዞረውን አጥፉ

ይህ ደረጃ ገንዘብ አይጠይቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ግቡ። ባዶውን የሚሄድ ኮንቬየር፣ ማንም የማይሠራበት ማሽን ማራገቢያ ታያላችሁ።

ከዚያ እሁድ ጠዋት ተመለሱ። ማሽኖቹ ዝም ብለዋል። ኮምፕሬሰሩን አስነሱና ጆሯችሁን ስጡ። ከየማዕዘኑ «ስስስ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ ከላስቲኩ መጋጠሚያ፣ ከቫልቩ፣ ከተረሳው መስመር። የሳሙና ውሃ በብሩሽ ቀቡትና አረፋ የሚሠራበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጉ። 3 ሚሊሜትር የምታህል አንዲት ቀዳዳ በተለመደው የፋብሪካ ግፊት ወደ 3 ኪሎዋት ገደማ ታባክናለች። የክብሪት እንጨት በምታህል ቀዳዳ ማለት ነው። ግፊቱንም እዩት። ለሥራው 6 ባር የሚበቃ ከሆነ 7 ላይ ማቆየት ለምንድነው? አንድ ባር ዝቅ ማድረግ የኮምፕሬሰሩን ፍጆታ 7 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

5. ሞተሩ የሚኖርበትን ሁኔታ አስተካክሉ

ሦስቱን ፌዝ ለኩ። ለምሳሌ 390፣ 380 እና 370 ቮልት አገኛችሁ እንበል። አማካዩ 380 ነው፤ ትልቁ ልዩነት 10 ቮልት፣ ማለትም 2.6 በመቶ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ የሞተሩን ሙቀት ግን በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። መንስኤው ብዙ ጊዜ ግቢያችሁ ውስጥ ነው። የብየዳ ማሽኑ፣ የቢሮው መብራት፣ የካፌው ምድጃ ሁሉም አንድ ፌዝ ላይ ተንጠልጥለው ይገኛሉ። አከፋፍሏቸው።

ስለ ሙቀት ካነሳን ለኛ አገር የተለየ ጉዳይ አለ። ሞተሮች በአብዛኛው የሚሠሩት ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ድረስ ሙሉ ጉልበት እንዲሰጡ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሞተሩን በደንብ አያቀዘቅዘውም። ደግነቱ የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ ነው፤ ያ ያካክሰዋል። ግን ሞተሩ ያለ መስኮት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከተዘጋበትና ክፍሉ 35 ዲግሪ ከደረሰ ማካካሻው የለም። ኮምቦልቻና ሐዋሳም ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው። ሞተሩ ከሚሸከመው በ10 ዲግሪ በላይ እየሞቀ ከሠራ የሽቦው ሽፋን ዕድሜ በግማሽ ያህል ያጥራል። ስለዚህ መስኮት ክፈቱ። የሞተሩን ክንፎች ከዱቄትና ከጥጥ ብናኝ አጽዱ። የኋላ ማራገቢያውን ሽፋን እዩት፤ ጆንያ ተሸፍኖበት አይቼ አውቃለሁ።

ቺንጊያው ከላላ ይንሸራተታል፤ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይበላዋል። የሞተሩንና የማሽኑን ፑሊ በክር አሰልፏቸው። ግሪስ ደግሞ በበዛ ቁጥር ጥሩ አይደለም። ሲበዛ ኩሽኔታውን ያሞቀዋል፣ አልፎም ጥቅሉ ላይ ይደርሳል።

6. ይጠቅለል ወይስ ይቀየር? አሁኑኑ ወስኑ

ወደ ዋናው ነገር መጣን። ከዝርዝሩ ላይ ለእያንዳንዱ ትልቅ ሞተር ከሁለት አንዱን ጻፉ፦ «ሲቃጠል ይጠቅለል» ወይም «ሲቃጠል ይቀየር»።

ጥቅለላ መጥፎ አይደለም። በጥንቃቄ ከተሠራ የሞተሩን ቆጣቢነት ሳይነካ ሊመልሰው ይችላል። ችግሩ አሮጌው ሽቦ የሚወጣበት መንገድ ነው። ስታተሩ፣ ማለትም ሽቦው የሚጠቀለልበት የማይዞረው የሞተሩ ክፍል፣ የተሠራው እርስ በርስ በስስ መከላከያ ከተለያዩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ነው። አንዳንድ ቤት የተቃጠለውን ሽቦ ለማላቀቅ ስታተሩን በእንጨት እሳት ወይም በጋዝ ነበልባል ይለበልቡታል። ብረቱ ከ370 ዲግሪ በላይ ሲግል መከላከያው ይጎዳል። ከዚያ ወዲያ ሞተሩ ይዞራል፣ ግን ብረቱ ውስጥ የሚባክነው ኃይል ይጨምራል። ሲነካ የሚፋጅ ሞተር «ከተጠቀለለ ወዲህ እንዲህ ሆነ» ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል።

ስለዚህ ጥቅለላ ቤት ስትመርጡ ሄዳችሁ እዩ። ሙቀቱን የሚቆጣጠር ምድጃ አላቸው? የነበረውን የሽቦ ውፍረትና የዙር ቁጥር ይመዘግባሉ? «ይሄ ሽቦ ስለሌለ በቀጠነው ሠራነው» የሚል መልስ አትቀበሉ። የቀጠነ ሽቦ ማለት የበዛ ሙቀት ማለት ነው። ከመረከባችሁ በፊት ባዶውን አስነስታችሁ አምፔሩን ለኩ፤ ሦስቱም ፌዝ ተቀራራቢ መሆን አለበት።

የሚቀየረውስ የትኛው ነው? እኔ የምጠቀምበት ልማድ ይህ ነው። ሁለቴና ከዚያ በላይ የተጠቀለለ፣ ከ15 ኪሎዋት በታች የሆነና በዓመት ከ4,000 ሰዓት በላይ የሚሠራ ሞተር ሲቃጠል ይቀየር። በትልልቆቹ ላይ ሂሳብ ሥሩ። ቅድም ያነሳነው 22 ኪሎዋት ሞተር አይኢ1 ከሆነ ከሚወስደው መብራት ወደ ሥራ የሚቀይረው 89.9 በመቶ ነው፤ አይኢ3 ሲሆን 93 በመቶ። በ6,000 ሰዓት ልዩነቱ ወደ 3,700 ኪሎዋት ሰዓት ይጠጋል። አውሮፓ ኅብረት ከ0.75 እስከ 1,000 ኪሎዋት ላሉ አብዛኞቹ አዳዲስ ሞተሮች አይኢ3ን ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ አስገዳጅ አድርጓል። እኛም ፕሮፎርማ ስንሰበስብ «አይኢ3» የምትለውን ቃል መጻፍ እንችላለን። ካልጻፍናት ነጋዴው ርካሹን ያመጣል፤ አይፈረድበትም።

ሳይቃጠል የሚሠራን ጤነኛ ሞተር ለቆጣቢነት ብቻ ብሎ መቀየር ግን ብዙ ጊዜ አያዋጣም።

7. ኢንቨርተር የሚያዋጣበትን ቦታ ለዩ

ኢንቨርተር የሞተሩን ዙር እንደ አስፈላጊነቱ የሚቀንስና የሚጨምር መሣሪያ ነው። ማራገቢያና ሴንትሪፉጋል ፓምፕ (ውሃውን በማሽከርከር የሚገፋ) ላይ ዙር ሲቀንስ ፍጆታው በጣም ይወርዳል። ዙሩ ወደ 80 በመቶ ዝቅ ሲል ማራገቢያው የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይጠጋል። ስለዚህ መዝጊያው ሁልጊዜ በግማሽ ተዘግቶ የሚሠራ ማራገቢያ ወይም ቫልቩ የታነቀ ፓምፕ ካላችሁ የመጀመሪያው ኢንቨርተር እዚያ ይገጠም። ውሃ ወደ ከፍተኛ ታንከር የሚገፋ ፓምፕ ላይ ቁጠባው ያንሳል። ሁልጊዜ በሙሉ ዙር መሄድ ያለበት ሞተር ላይ ግን ኢንቨርተር ትርፍ ሳይሆን ብክነት ነው፤ ራሱም ጥቂት መብራት ይበላል።

8. ባለቤት ስጡት

ዝርዝሩ በአንድ ሰው ስም ይሁን። በየወሩ የቆጣሪውን ንባብ ላመረታችሁት መጠን አካፍሉ፦ በኩንታል ዱቄት ስንት ኪሎዋት ሰዓት? የቢሉ ብር በታሪፍ ምክንያት ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ቁጥር ግን አይዋሽም። ሠሌዳ ላይ ለጥፉት። ኦፕሬተሮቹ ሲያዩት ማታ ማታ ሳይነገራቸው ማጥፋት ይጀምራሉ።

ከዝርዝሩ አናት ላይ ላሉት ሁለትና ሦስት ሞተሮች መጠባበቂያ አይኢ3 ገዝታችሁ መጋዘን ውስጥ አስቀምጡ። እርጥበት በሌለበት፣ ከወለሉ ከፍ አድርጋችሁ፣ ዘንጉን በየወሩ በእጅ እያዞራችሁ። ላዩ ላይ የሚተካውን ሞተር ቁጥር ጻፉበት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኩ ሲጮህ ተረኛው ቁጥሩን አይቶ ያወጣዋል።