አክስል ከመሰበሩ በፊት ስንጥቁን በቀለም እንዴት መፈተሽ እንደሚቻል

የመኪና አክስል (ጎማዎቹን የሚይዘው ዘንግ) ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲሰበር ጥፋቱ ሁሉ በጉድጓዱ ይላከካል። ስንጥቁ ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በ1842 ቬርሳይ አጠገብ ብዙ ሰው የፈጀው የባቡር አደጋ የደረሰው የሎኮሞቲቩ አክስል ተሰብሮ ነው። መሐንዲሶችም የብረትን ድካም፣ ማለትም በተመላላሽ ጭነት ቀስ በቀስ መሰንጠቁን፣ አጥብቀው መመርመር የያዙት በዚያው ዘመን ነው።

ከመፈተሻችሁ በፊት የምትፈልጉትን እወቁ። ብረት እጅግ የደቀቁ ክሪስታሎች ስብስብ ነው። ጭነት ሲመላለስበት በአንዳንዱ ክሪስታል ውስጥ የአቶም ንጣፎች እየተንሸራተቱ ቀጫጭን መስመሮች ይሠራሉ፤ ኢዊንግና ሀምፍሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1903 ይህን በማይክሮስኮፕ ተከታትለው አሳይተዋል። ስንጥቁ የሚወለደው ከእነዚህ መስመሮች ነው። መጀመሪያ ሰያፍ ይሄዳል። የጎረቤት ክሪስታል ድንበር ላይ ሲደርስ የዚያኛው ንጣፎች በሌላ አቅጣጫ የተደረደሩ ስለሆኑ ይዘገያል፤ እዚያው የሚቀርም አለ። ጥቂት ክሪስታሎችን ጥሶ ካለፈ በኋላ ግን የሚገታው የለም፤ አቅጣጫውን ከሚስበው ኃይል ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንዲሠራ አስተካክሎ በእያንዳንዱ ጭነት ይረዝማል። በቀለም የምታዩት ይህን ያመለጠውን ነው።

ስንጥቅ የሚወድደው ውፍረት የሚቀየርበትን ጥግ፣ የቁልፍ ቦይን (ማያያዣ ብረት የሚገባበትን ጎድጓዳ መስመር)፣ አክስሉ ላይ የተቀረጸውን የጥርስ ሥር፣ ዝገት የቦረቦረውን ቦታና የብየዳ ዳርን ነው። እዚያ ላይ አተኩሩ።

ዘዴው ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ማጽጃ፣ ስንጥቅ ውስጥ የሚገባ ቀይ ቀለምና ቀለሙን ስቦ የሚያወጣ ነጭ ዱቄት። አክስሉን አውጥታችሁ ግራሶውን በማጽጃው እጠቡና በደንብ አድርቁ። በግራይንደር ወይም በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት! የተፈተገው ብረት የስንጥቁን አፍ ይደፍነዋል፣ ቀለሙም አይገባም። ብዙ ምርመራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ቀዩን ቀለም ነፍታችሁ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቁ፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ፈሳሹ ተቀጣጣይ ስለሆነ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ።

ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎም ማጽጃ በትንሹ በነካው ጨርቅ ጥረጉ። ማጽጃውን በቀጥታ ብረቱ ላይ አትንፉ፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባውን ቀለም አጥቦ ያወጣዋል።

በመጨረሻ ነጩን ዱቄት ስስ አድርጋችሁ ንፉና ቢያንስ 10 ደቂቃ ቆዩ። ስንጥቅ ካለ ቀለሙ ተስቦ ወጥቶ ነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ይሠራል። የተበተኑ ነጥቦች ብዙ ጊዜ ቀዳዳ እንጂ ስንጥቅ አይደሉም። ከቆዳው በታች የተደበቀውን ግን ይህ ዘዴ አያሳይም።

መስመር ካያችሁ አክስሉን ቀይሩት። በይዶ መመለስ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ በዙሪያው ያለውን የክሪስታል አቀማመጥ ይቀይረዋል፣ የብየዳው ዳርም ለአዲስ ስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ዱቄቱን አጥባችሁ ዘይት ቀቡት፤ እርጥበት ይዞ ከዛገ ዝገቱ የሚቦረቡረው ጉድጓድ ራሱ ሌላ መነሻ ነው።