የጠረጴዛ ፊውዥን መሣሪያ «ከገባው በላይ ኃይል ሰጠ» ሲባል፦ ችግርና መፍትሔ

ጅማ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ስጠግን «በውሃ ብቻ የሚሠራ» የተባለ ማሞቂያ በየጊዜው ለምርመራ ይመጣልኛል። ባለቤቶቹ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ እ.ኤ.አ. በ1989 በዩታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከባድ ውሃ (ዲዩቴሪየም የተባለ ከባድ ሃይድሮጅን ያለበት ውሃ) ውስጥ በተነከረ ፓላዲየም በተባለ ብረት ፊውዥን፣ ማለትም የአቶም እምብርቶች ተዋሕደው ኃይል የሚሰጡበትን ሂደት፣ አገኘን ማለታቸውን በቃላቸው ያውቁታል። ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ደጋግመው ሞክረው ማጣታቸውን ግን አይጠቅሱም። ገመድና ፊውዝ መፈተሽን እንደምታውቁ ቆጥሬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ 1 ኪሎዋት ይገባል፣ በእንፋሎት 5 ኪሎዋት ይወጣል

ሁልጊዜ የሚገጥመኝ ይህ ነው። ባለቤቱ በሰዓት 7 ሊትር ውሃ ያስገባል፤ በቱቦው ጫፍ ነጭ ጭጋግ ሲያይ «ሁሉም ተነነ» ብሎ ያሰላል። 1 ኪሎ ውሃን ከ20 ዲግሪ እስከ መፍላት ለማድረስ 310 ኪሎጁል ያህል ይበቃል፤ የፈላውን ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ግን ሌላ 2,270 ያህል ያስፈልጋል። በዚያ 1 ኪሎዋት ከሰባቱ ሊትር የሚተነው ከአንድ ሊትር በታች ነው። የቀረው እየተንፈቀፈቀ በጠብታ መልክ ይወጣል፤ በወረቀት ላይ ግን እንፋሎት ተብሎ ይመዘገባል። ነጩ ጭጋግ ራሱ ጠብታ ነው፤ ደረቅ እንፋሎት ለዓይን አይታይም።

ቴርሞሜትር አያድናችሁም። የፈላ ውሃም፣ ጠብታ የተሞላ እንፋሎትም፣ ደረቁም እዚህ ከተማ 94 ዲግሪ አካባቢ ያነባሉ። የአየር እርጥበት መለኪያ ይዞ «ደረቅ ነው» የሚላችሁን አትስሙ፤ መሣሪያው በእንፋሎት ውስጥ ያለን ጠብታ አይለካም። አንድ ወጣት መሣሪያው አዲስ አበባ 92 ዲግሪ፣ ጅማ 94 እንደሰጠው ነግሮኝ «እየተጠናከረ ነው» አለኝ። ጅማ ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለምትል የማንም ድስት እዚህ በዚያው ልክ ሞቆ ይፈላል።

መፍትሔው በርሜል ነው። 20 ሊትር ውሃ በ20 ዲግሪ ሙሉና መዝኑ። የቱቦውን ጫፍ ከውሃው ውስጥ አስገቡና በርሜሉ 1 ኪሎ እስኪጨምር ጠብቁ። የገባው ደረቅ እንፋሎት ከሆነ ውሃው ወደ 49 ዲግሪ ይደርሳል፤ የፈላ ውሃ ብቻ ከሆነ 23.5 ላይ ይቆማል። ማንም ሰው ቆሞ ሊያየው የሚችል ልዩነት ነው። መብራት ከጠፋ ቱቦውን ወዲያውኑ አውጡ፤ የሚቀዘቅዘው ዕቃ የበርሜሉን ውሃ ወደ ጋለው ሆድ ይስባል። ጫፉን ፈጽሞ አትዝጉት። ፊታችሁንም ከቱቦው አርቁ።

አንድ የቡና ነጋዴ ለእንዲህ ያለ መሣሪያ ድርሻ ሊከፍሉ ሲሉ በርሜሉን አስመጣሁ። ውሃው ለብ እንኳን አላለም። ባለቤቱ ላብ በላብ ሆኖ «ሐጂ፣ በርሜሉ ሥራውን ይረብሸዋል» አላቸው። እሳቸውም «ቤቴ ሲገባስ ውሃ አይነካውም?» ብለው ተነሡ።

ምልክት፦ የሚገባው ኃይል ሲለካ ከልክ ያለፈ ትንሽ ነው

ጥፋቱ የርካሽ መልቲሜትር ነው። እየተቆራረጠ የሚሄድ ጅረት ላይ የዘፈቀደ ቁጥር ይሰጣል። መላውን መሣሪያ፣ ፓምፑንና መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ጨምሮ፣ በአንድ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ አሳልፉና ለሰዓታት አንብቡ። ሳጥኑ ካልተከፈተ ባትሪ የለበትም አትበሉ።

ምልክት፦ የኤሌክትሮሊሲስ ዕቃ ከስሌቱ በላይ ይሞቃል

ይህ ዕቃ ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይከፍላል። ጋዞቹ ኃይል ይዘው አምልጠዋል ተብሎ ከገባው ኃይል ላይ 1.48 ቮልት፣ በከባድ ውሃ ደግሞ 1.54 ቮልት፣ በጅረቱ ተባዝቶ ይቀነሳል። ጋዞቹ እዚያው ውስጥ ተመልሰው ከተዋሐዱ ግን ያ የተቀነሰው ኃይል ሙቀት ሆኖ እዚያው ይቀራል። ጋዙን አጥምዳችሁ ለኩ።

ምልክት፦ ሙቀት አለ፣ ኒውትሮን የለም

የዲዩቴሪየም ፊውዥን 1 ዋት ሲሰጥ በየሰከንዱ ወደ አንድ ትሪሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን (ከአቶም እምብርት የሚወጣ ቅንጣት) ይወጣል። መከለያ በሌለበት አንድ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው በሰዓታት ውስጥ ገዳይ መጠን ይወስዳል። 5 ኪሎዋት አመነጨሁ የሚለው ሰው አጠገቡ ቆሞ ቡና እየጠጣ ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል። «የሚወጣው ሂሊየም ብቻ ነው» ከተባለ፣ አየር ራሱ ሂሊየም እንዳለበትና ዕቃው ሊያፈስ እንደሚችል አስታውሱ።

አንዳንዴ ፊውዘር (በከፍተኛ ቮልቴጅ ፊውዥን የሚያስነሣ ዕቃ) ይገጥማችኋል፤ እሱ እውነተኛ ፊውዥን ነው፣ ኒውትሮንም ይሰጣል፣ ነገር ግን ከሚሰጠው እጅግ የሚበልጥ ኤሌክትሪክ ይበላል። ታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ፊውዥን በሌዘር በሚሞከርበት የአሜሪካ ብሔራዊ የማቀጣጠያ ተቋም 2.05 ሜጋጁል ሌዘር 3.15 ሜጋጁል የፊውዥን ኃይል ሲያስገኝ እንኳን ሌዘሮቹ ከመስመር የወሰዱት ወደ 300 ሜጋጁል ነበር። «ትርፍ» ስትሰሙ ከየትኛው ቁጥር ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ ጠይቁ።

ሁሉንም አልፎ ከመጣ፣ በዚያው ዕቃ ውስጥ ተራ የማሞቂያ ሽቦ አስገብታችሁ በተመሳሳይ ኃይልና ሰዓት በሁለተኛ በርሜል ድገሙ። በርሜሎቹ እኩል ከሞቁ ለባለቤቱ መልሱለት፤ ለውሃ ማሞቂያነት ደህና ይሠራል።